ዜሮ ያሉት ሴቶች

ሲስተር እልፍነሽ የሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍሉን በር በየጠዋቱ ስትገፋ መጀመሪያ የሚቀበላት ሽታው ነው። በረኪናው፣ የረጠበው ብርድ ልብስ፣ በፋሻ ላይ የደረቀው ደም፣ አስታማሚዎች በፔርሙዝ ይዘውት የሚመጡት አጥሚት፣ ሁሉም ተቀላቅለው ከአሮጌው ግድግዳ ውስጥ የሚወጡ ይመስላሉ። ክረምት ስለነበር ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ የሴቶቹን ማቃሰት ይውጠዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ማቃሰቱ ካቆመበት ይቀጥላል። እልፍነሽ ጋውኗን ትቆልፋለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ከጠረጴዛው መሳቢያ ካርቶኗን ታወጣለች፤ ከዚያ ከበሩ አጠገብ ካለው አልጋ ትጀምራለች።

ካርቶኑ ላይ በተርታ ፊቶች ተስለውበታል። የመጀመሪያው ይስቃል፣ የመጨረሻው እንባውን ያወርዳል፣ ከሥራቸው ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ተጽፏል። ያመጣው ሰመመን ሰጪው ዶክተር ናሆም ነው። ሆዳቸው ለተቀደደ ሴቶች ከሁለት የሕመም ማስታገሻ መንገዶች የትኛው እንደሚሻል ማወቅ ፈልጎ ጥናት ጀምሯል። በመስኮቱ በኩል የተኙት እንደ ድሮው ናቸው፤ ሕመሙ ሲነሳባቸው ጭናቸው ላይ መርፌ ይወጋሉ። በግድግዳው በኩል የተኙት ግን ገና ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ሳይወርዱ፣ ቁስላቸው እንደተሰፋ፣ ዶክተር ናሆም በግራና በቀኝ ጎናቸው ረጅም መርፌ አስገብቶ በሆዳቸው ጡንቻዎች መሃል ማደንዘዣ ያፈስላቸዋል። የእልፍነሽ ሥራ መጠየቅ ነው። የሚያስቸግረው ሴቶቹ ቁጥር አለመናገራቸው ነው።

“ሕመሙ ስንት ነው እትዬ?”

“ተመስገን።”

“ተመስገን ስንት ነው?”

“እሱንማ እሱ ያውቀዋል። እሱን ጠይቂው።”

ከጎን ያለችው ሴት ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ ትስቃለች፤ ሳቁ ራሱ ያማትና ደግሞ ታለቅሳለች። “አታስቂኝ አንቺ፣ ልትገድይኝ ነው” ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ይሄዳል።

ማንጠግቦሽ የተኛችው በመስኮቱ በኩል ነበር። አንጀቷ ተጠማዞ ከገጠር በቃሬዛ የመጣች፣ ሆዷ ከእምብርቷ በላይ ጀምሮ እስከ ታች የተከፈተ ወጣት ናት። አንድ ዕለት ጠዋት ሰመመኑ ጨርሶ ለቋት የአልጋውን ብረት ጨብጣ፣ የአንገቷ ሥሮች ተገታትረው፣ “ማርያም፣ ማርያም” እያለች ትጮህ ነበር። አማቷ ወይዘሮ ዘርፌ ከራስጌዋ ቆመው ላቧን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እልፍነሽ መርፌውን ሞልታ ወደ አልጋው ስትጠጋ አሮጊቷ ጎንበስ ብለው፣ “እኔን፣ እኔን ልጄ” ሲሉ ሰማች። ማንም የሚለው ነው፤ በዚያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ሲባል የሚውል ነው። ወዲያው ግን አቡጀዴ በአንድ ጊዜ ሲተረተር የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማች፤ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። የማንጠግቦሽ ጩኸት መሃሉ ላይ ተቆረጠ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ፤ ድምፁ ብቻ ጠፋ።

“አሁን ስንት ነው?” አለች እልፍነሽ፣ ለማለት ያህል።

ማንጠግቦሽ ካርቶኑ ላይ የሚስቀውን ፊት በጣቷ ነካችው።

እልፍነሽ ዜሮ ብላ ከጻፈች በኋላ ነው እጇን ያየችው። መርፌው እንደተሞላ ነበር።

ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ “ትንሽ ነፋስ ልቀበል” ብለው ወጡ። አረማመዳቸው በጉያው እንቁላል የያዘ ሰው አረማመድ ነበር። ከቆሙበት እስከ በሩ ድረስ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ ያለውን ጽዳት ሠራተኛዋ ማንም ሳያዛት ወለወለችው፤ በዚያ ክፍል ወለል ላይ ደም ማየት ማንንም አያስደንቅም።

ያገኛቸው ዘበኛው ነው። ከውሃ ታንከሩ ሥር ተቀምጠው ዝናቡ ይወርድባቸዋል። ሆዳቸው ከእምብርታቸው በላይ ጀምሮ እስከ ታች ተከፍቶ፣ ከውስጥ የወጣውን ሁሉ በነጠላቸው አቅፈውታል። ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ላይ ሳይደርሱ ሞቱ። ማን ወጋቸው ሲባል፣ ከወንድ ልጃቸው፣ ከማንጠግቦሽ ባል ጋር የመሬት ክርክር እንደነበራቸው የሚያውቁ ዘመዶች በሩ ላይ ተሰብስበው ነበርና፣ ማንም ሳይጠይቀው ሽመላቸውን አነሱበት። እልፍነሽ በመስኮቱ አየች። ሰውየው “እናቴን? እኔ እናቴን?” እያለ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ይዳክራል፤ ሽመል በአፉ ላይ ሲያርፍ ጥርሱ ከደሙ ጋር ተበተነ፤ ፖሊሶች መጥተው እስኪያስለቅቁት አንድ ዓይኑ ፈሶ ነበር። ማንጠግቦሽ ውስጥ ሆና ይህን ሁሉ አልሰማችም። እንቅልፍ ወስዷታል፤ ለጥ ያለ እንቅልፍ።

ፋሻዋ በሚቀየርበት ቀን እልፍነሽ ጎዙን ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ ቁስል አልነበረም። ጠባሳም አልነበረም። የስፌቱ ጥቁር ክር ብቻ ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ምላጭ ነክቶት በማያውቅ ቆዳ ላይ ተጋድሟል። በጎዙ መልሳ ሸፈነችውና ፕላስተሩን አጥብቃ ለጠፈችው።

“ደህና ነው ሲስተር?” አለቻት ማንጠግቦሽ።

“ደህና ነው።”

በዚያ ሳምንት ዜሮዎች በዙ። ዶክተር ናሆም በየሰዓቱ ብቅ እያለ ያያቸዋል፣ እጁን ያፋትጋል፣ “አላልኩሽም? ይኼ የጎን መርፌ ተአምር ነው” ይላታል። እልፍነሽ ግን ዜሮዎቹ በግድግዳው በኩል ብቻ ሳይሆን በመስኮቱ በኩልም እንዳሉ ታያለች። ሌላም ታያለች። ዜሮ ባለች ሴት አልጋ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ፔርሙዙ አለ፣ ጋቢው አለ፣ ሰውየው ግን “መጣሁ” ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። በረንዳው ላይ የሚያድሩት ሰዎች ከወንዙ ዳር ሬሳ ተገኘ፣ ሆዱ የተዘረገፈ፣ እያሉ ያወራሉ። አንዱ ጅብ ነው ይላል፣ ሌላው ሽፍታ ነው ይላል።

ሙላት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሚስቱ ያለም በቀዶ ሕክምና ወልዳ በግድግዳው በኩል ተኝታለች፤ ከሰዓት በኋላው ጸጥ ያለ ነበር፣ ዝናቡ ቆሞ በመስኮቱ ቢጫ ፀሐይ ገብቷል። ሙላት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሴቶቹን ሁሉ ያስቃል።

“ዜሮ በይላት እንጂ፣ ሲስተር ደሞዟ ይጨመርላት” አላት ሚስቱን።

“አንተ ዝም በል፤ ያመጣህባት አንተ አይደለህም?” አለች ከወዲያ ማዶ አንዷ።

“እኔማ ለበጎ ነው ያመጣሁት።”

ሴቶቹ ሳቁ። ያለምም ልትስቅ ስትል አሳላት፤ ሳሉ ስፌቷን ሲይዘው ፊቷ ተጨማደደ፣ ጉልበቷን ሰብስባ እጅግ ቀጭን ድምፅ አወጣች። ሙላት ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ እጇን ያዘና፣ “እኔን የኔ ቆንጆ” አላት።

ጨርቁ ተተረተረ። እልፍነሽ ፊት ለፊቱ ቆማ ስለነበር በዚህ ጊዜ አየች። ካኪ ሸሚዙ ከቀበቶው በላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን እየጠቆረ ሄደ፤ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በከሰል መስመር እንደሚያሰምር፣ ሳይቸኩል፣ ቀጥ አድርጎ። ከዚያ መስመሩ ተከፈተ። ሙላት ወደ ታች አየ፤ የፈገግታው ቅሪት ገና ከንፈሩ ላይ ነበር። በሁለት እጁ ሊይዘው ሞከረ፤ ትኩስ ነገር በጣቶቹ መሃል እየተንሸራተተ ጭኑ ላይ ወረደ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ፤ እንፋሎቱ በፀሐዩ ውስጥ ታየ። “ሲስተር” አለ በትንሽ ድምፅ፣ “ምን ሆኜ ነው?” ተነስቶ ሊቆም ሲል የራሱን አንጀት ረግጦ በፊቱ ተደፋ። ሴቶቹ ሲጮሁ፣ ዓይኗን ጨፍና የነበረችው ያለም ግን ገና አላየችም። እፎይ ብላ ጉልበቷን ዘረጋችና፣ “ኧረ ለቀቀኝ” አለች።

እልፍነሽ ደሙን ከእጇ ሳትታጠብ ወደ ዶክተር ናሆም ቢሮ ሄደች።

“መርፌው አይደለም” አለችው። “ያንተም አይደለም፣ የድሮውም አይደለም። አስታማሚዎቹ ‘እኔን’ ሲሉ ነው።”

“ሲስተር፣ ደክሞሻል። ሂጂና ተኚ።”

“ናና እይ።”

ማንጠግቦሽን “ቁስልሽን ዶክተር ይየው” ብላ ጎዙን አነሳችው። ዶክተር ናሆም ጎንበስ አለ። ክሩን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሳበው፤ ትራስ ላይ እንደወደቀ ፀጉር ዝም ብሎ ተነሳ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ክሩን እንደያዘ ወጣ። በማግስቱ ሥራ አልገባም፤ ስልኩም አይሠራም፤ ባልደረቦቹ ፈቃድ ወጣ ይላሉ። የጎኑን መርፌ የሚያውቅ ሌላ ሰው በሆስፒታሉ አልነበረም።

እልፍነሽ የምታውቀውን ማድረግ ጀመረች። አስታማሚዎችን በሙሉ ከክፍሉ ደፍ ውጭ አወጣቻቸው። ከውጭ ሲባል ምንም እንደማይሆን አይታለች፤ በረንዳው ላይ ሆነው በመስኮቱ “እኔን፣ እኔን” እያሉ ያለቅሳሉ፣ ከውስጥ ያለችው ሕመምተኛ ግን መጮኋን ትቀጥላለች፣ ከውጭ ያለውም ሰው በሕይወት አለ። ስለዚህ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ግንባር የሚዳብስ እጅ የለም፣ ውሃ የሚያቀርብ የለም፤ ካርቶኑ ላይ የሚያለቅሰው ፊት በብዙ ጣት ተነክቶ ቀለሙ ለቀቀ። “አንቺ እናት የወለደችሽ አይደለሽም?” ይሏታል ከበረንዳው። “አረመኔ። ድንጋይ የበላሽ።” አንድ ቀን አንዲት ሴት ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ተንሸራታ በሆዷ ወደቀች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ ሲመጣ እልፍነሽ ምላሷን ነከሰችው፣ ደሙን ዋጠችውና ሴትየዋን ዝም ብላ አነሳቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ሲደናቀፍ ከአፏ የሚወጣ ቃል ነው። እንዳይወጣ መያዝ ትንፋሽን እንደመያዝ ነበር።

ታናሽ እህቷ ጥሩወርቅ የመጣችው እንደዚህ ባለ ቀን ነው። ምጡ ጠንቶባት፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ በባጃጅ ተጭና። ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው ወደ ሌላ ከተማ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ከእርሷ ጋር እናታቸው ወይዘሮ ሽታዬ አብረው መጥተዋል። ቀዶ ሐኪሙ ሴት ልጅ አወጣ፤ ሕፃኗ አለቀሰች። ጥሩወርቅ ግን ትንፋሽ አጥሯት ነበርና ኦክስጅን ያስፈልጋታል ተባለ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ያለው በዚያው ክፍል ብቻ ነው። እልፍነሽ ስትሬቸሩን ስትገፋ እናቷ ከኋላ ይከተሏት ነበር። ደፉ ላይ ስትደርስ ዞረች።

“እማዬ፣ ከዚህ እንዳታልፊ።”

“ለምን?”

ሌላ ሰው ቢሆን ትዋሸው ነበር። ለእናቷ ግን ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ዘርፌን፣ ሙላትን፣ ክሩን። የሚቆጡ ወይም የሚያማትቡ መስሏት ነበር። ወይዘሮ ሽታዬ ግን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው በጥሞና ሰሟት፤ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚመርጡ ይመስሉ ነበር።

“ታማሚዋ ያን ጊዜ ምንም አይሰማትም?”

“ምንም። ግን ያኛው ይሞታል እማዬ።”

“እህ” አሉ። “እንዲያ ከሆነ እዚህ እቀመጣለሁ።” በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እልፍነሽ ተንፈስ አለች።

ጥሩወርቅ ለቀዶ ሕክምናው ጀርባዋ ላይ የተወጋችው ሰመመን የለቀቃት ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ነው። ጠንካራው የሕመም መርፌ ከፋርማሲው አልቋል፤ እልፍነሽ የቀረውን ደካማውን ወጋቻት፣ አልያዘም። ጥሩወርቅ መጀመሪያ ጥርሷን ነከሰች፤ ከዚያ አቃሰተች፤ ከዚያ ከቆርቆሮው ዝናብ በላይ የሚሰማ ጩኸት ጮኸች። የአልጋውን ፍራሽ በጥፍሯ ቦጨቀችው። “እልፌ፣ ግደይኝ። እባክሽ ግደይኝ” አለቻት። እልፍነሽ ግንባሯን እየዳበሰች አንድ ቃል አልተናገረችም፤ መንጋጋዋን ከመግጠሟ ብዛት ጆሮዋ ይጮህ ነበር። አንዲት ነርስ ደብቃ ያስተረፈችው መድኃኒት ቢኖር ብላ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ጎንበስ ብላ ባዶ ካርቶኖችን ስታገላብጥ ከኋላዋ አቡጀዴ ተተረተረ።

ጩኸቱ ቆመ።

ቀና ስትል እናቷ ከጥሩወርቅ ራስጌ ቆመዋል፣ እጃቸው ግንባሯ ላይ ነው። ጥሩወርቅ ከጎኗ የተኛችውን ሕፃኗን ታቅፋ ፈገግ እንዳለች እንቅልፍ ሊወስዳት ነው። ወይዘሮ ሽታዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው ሆዳቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፤ ነጩ እስከ ጥለቱ ድረስ ቀልቷል። አራስ ልጃቸው እንዳታይ ፈልገው ይመስላል ፊታቸውን አዙረው በግድግዳው በኩል ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ፤ ቀጥ ብለው፣ ለጎረቤት ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው። ከበሩ ሳይደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸው። እልፍነሽ እየሮጠች ደረሰችባቸው። ምላሷን ለመንከስ ጊዜ ነበራት፤ ከዚያ በፊት ነክሳው ታውቃለች። የእናቷ ጉልበት ሲሚንቶውን ሲመታ ግን፣ “እኔን” አለች።

የሰማችው ድምፅ በዚህ ጊዜ ከራሷ ውስጥ ነበር። ከአንዱ ጎኗ ወደ ሌላው ጎኗ ቀዝቃዛ ጣት የሄደ መሰላት፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛው ወደ እሳት ተለወጠ፤ ጋውኗ ከብዶ ረጠበ። በሥራዋ ዘመን ስንቷን ሴት “ስንት ነው?” እያለች የጠየቀችው ነገር ይህ መሆኑን አወቀች፣ ቁጥር እንደሌለውም አወቀች። በግራ ክንዷ ሆዷን ደገፈች፤ የሚሞቅ፣ የሚያዳልጥ፣ የሚከብድ ነገር ክንዷ ላይ ተኛ።

ወይዘሮ ሽታዬ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ገለጡ። ሆዳቸውን ዳበሱት፤ ደርቆ፣ ደህና ሆኖ አገኙት። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። አፋቸው ሲከፈት እልፍነሽ በቀኝ መዳፏ ገጠመችው።

“እማዬ፣ አትበይ። እንዳትይ።”

ደፉ ቅርብ ነበር። ከዚያ ማዶ ቢወጡ ቃሉ ቃል ብቻ ነው። እልፍነሽ አፋቸውን እንደገጠመች በትከሻዋ ገፋቻቸው፤ እናቷ በሁለት እጃቸው የበሩን መቃን ያዙ። ዕድሜ ልካቸውን ውሃ የተሸከሙ፣ እንጨት የፈለጡ እጆች ናቸው፤ አልለቀቁም። እልፍነሽ ጣቶቻቸውን በግንባሯ መታቻቸው፣ በጥርሷ ነከሰቻቸው፣ አንዱ ጣት ሲሰበር ቀጭ ሲል ሰማችው። በጉልበቷ ደረታቸውን ገፋች። ወለሉ ላይ የራሷ ደም እግሯን ያዳልጠዋል፤ ባዳለጣት ቁጥር ክንዷ ላይ የተኛው ነገር ትንሽ ይወርዳል። እናቷ አልጮሁም፣ አልታገሏትም፤ መቃኑን ይዘው በዓይናቸው ብቻ ያዩዋታል፤ ድሮ ትኩሳት ሲይዛት ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው የሚያዩዋትን አስተያየት። አንድ እጃቸው ለቀቀ። ሰውነታቸው ግማሹ ከደፉ ወጣ፣ ነፋሱ ነጠላቸውን አነሳው፤ አንድ ግፊት ብቻ ቀርቷት ነበር። መዳፏን አጥብቃ ጫነችው፤ ትንፋሽ እንኳ እንዳያልፍ።

ከመዳፏ ሥር የእናቷ ከንፈር ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላመማትም።